«ፍርዱ ይቆይ» ባዮች

ጁባ ውስጥ ስለ ፖለቲካ የሚያወራ ሁሉ፣ የኤምባሲ ሰው ይሁን የቦዳ ቦዳ ሞተር ታክሲ ነጂ፣ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፦ መጀመሪያ ሰላም ይውረድ፣ ፍርዱ ይደርሳል። የኛም ሰዎች ከዚህ አይወጡም። ጉዴሌ ሆቴል የከፈቱት፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሸቀጥ የሚያራግፉት፣ ከነጭ ዓባይ ውሃ በቦቴ እየቀዱ የሚሸጡት ሐበሾች፣ ቡና ላይ ጨዋታው ወደ መንግሥት ሲዞር «ተወው ወንድሜ፣ ማንም ይግዛ ማን፣ ብቻ ጥይት አይጩህ» ይላሉ። ያለውን አሟጦ በሰው አገር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያፈሰሰ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ጠቤ ይህንኑ ፍርሃት ወስደው፣ ከረባት አስረውለት፣ የፖለቲካ ጥበብ ነው ብለው ከሚያስተምሩን ጋር ነው።

የምለውን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቆይ የተደረገው ለሰላም ተብሎ ነው። ሰላሙ አልወረደም። ፍርድ ቤቱ ግን መጣ፤ የመጣውም ጉልበት ያለው ወገን በፈለገው ቀን፣ በመረጠው አዳራሽ፣ በጠላው ሰው ላይ ነው።

ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 (ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በጁባው ፍሪደም አዳራሽ ልዩ ችሎት ተሰየመ። ስምንት ተከሳሾች በብረት ፍርግርግ የታጠረ ሳጥን ውስጥ ተቀመጡ፤ የመንግሥት ቴሌቪዥንም አስተላለፈው። በፍርግርጉ ውስጥ ከታዩት አንዱ ሪክ ማቻር ናቸው፤ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ከሥልጣን ያገዷቸው ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ስለነበር እስከዚያ ድረስ የአገሪቱ ተቀዳሚ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከሳቸው ጋር የነዳጅ ሚኒስትር የነበሩት ፑት ካንግ ቾልና የጦሩ ምክትል አዛዥ የነበሩት ሌተና ጄኔራል ገብርኤል ዱኦፕ ላም አሉ። ክሱ ግድያ፣ አገር መክዳትና በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው። ምክንያቱ በማርች 2025 ነጭ ጦር የሚባሉት የኑዌር ወጣቶች በናሲር የሚገኘውን የጦር ሰፈር መያዛቸው ነው። ዐቃቤ ሕግ ከጥቃቱ ጀርባ ተከሳሾቹ አሉ፣ ከ250 በላይ ወታደሮችም ሞተዋል ይላል። ጄኔራል ዴቪድ ማጁር ዳክም የተባበሩት መንግሥታት ሄሊኮፕተር ሊያወጣቸው ሲሞክር በተከፈተ ተኩስ ተገድለዋል። የማቻር ፓርቲ ክሱን የፖለቲካ ነው ብሎ አጣጥሎታል።

ይህ ችሎት ሲከፈት የከተማው ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «አላልናችሁም? ክስ ሲመጣ የሰላም ስምምነቱ ፈረሰ፤ ፍርድ የሰላም ጠር ነው» አለ። ሌላው፣ በተለይ ለመንግሥት ቅርብ የሆነው፣ «ደቡብ ሱዳን በመጨረሻ ሕግ ያለባት አገር ሆነች፣ ትልቅ ሰውም ይጠየቃል» አለ። የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም የተቀመጡት በአንድ ምንጣፍ ላይ ነው። ሁለቱም ፍርድ ቤት ማለት ባለሥልጣን ሲፈልግ የሚያወጣው፣ ሳይፈልግ የሚያስቀምጠው መሣሪያ ነው ብለው ያምናሉ። ልዩነታቸው አሁን ይውጣ አይውጣ የሚለው ላይ ብቻ ነው።

የማቻር ጠበቆች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካነሱት መቃወሚያ አንዱ እስካሁን ከራሴ አልወጣም። እንዲህ ዓይነት ወንጀል የሚዳኘው በሰላም ስምምነቱ መሠረት ቅይጥ ፍርድ ቤት ነው፤ ይህ ልዩ ችሎት ሥልጣን የለውም አሉ። ዳኞቹ አልተቀበሉትም፤ ክርክሩ ቀጠለ። ለመሆኑ የትኛው ቅይጥ ፍርድ ቤት? ኪርና ማቻር በ2015 በፈረሙት ስምምነት አምስተኛው ምዕራፍ ላይ የተጻፈው፣ በሴፕቴምበር 2018 አዲስ አበባ ላይ ስምምነቱ ሲታደስ ደግሞ የተጻፈው፣ ግን አንድ ወንበር እንኳ ያልተገዛለት ፍርድ ቤት ነዋ! ከዲሴምበር 15 ቀን 2013 ጀምሮ የተፈጸመውን የጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሁሉ እንዲያይ፣ ዳኞቹም በብዛት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች እንዲመጡ፣ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሥልጣኑን ጋሻ አድርጎ እንዳያመልጥ ተብሎ የተጻፈ ነው። በጁን 2016 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ «ደቡብ ሱዳን የሚያስፈልጋት እውነት ነው፣ ክስ አይደለም» የሚል ሐሳብ ያለው ጽሑፍ በኪርና በማቻር ስም ወጥቶ ነበር። የማቻር ሰዎች ወዲያው እሳቸው አልጻፉትም ብለው አስተባበሉ፤ ይሁንላቸው። ነገር ግን በሥልጣን ላይ በነበሩባቸው ዓመታት ፍርድ ቤቱ እንዲቋቋም በጽናት ሲታገሉ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። ፍርድ ቤቱን የፈለጉት ፍርግርግ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

ማቻር ንጹሕ ናቸው እያልኩ አይደለም። የናሲር ወታደሮችም እናት አላቸው፤ ማን ትእዛዝ ሰጠ፣ ማን ገንዘብና ጥይት አቀበለ የሚለው መመርመር አለበት። ይሁንና በዚያው ዓመት ሜይ 3 ቀን በኦልድ ፋንጋክ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሆስፒታል ከአየር ተደብድቦ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከናሲር በኋላ በላይኛው ናይል በመንደር ላይ የወረደው ተቀጣጣይ በርሜልም በሰብአዊ መብት ተቋማት ተመዝግቧል። ለዚህ ማን ፍርግርግ ውስጥ ገባ? ልዩ ችሎቱ የሚያየው አንድ ወገን የገደለውን ብቻ ነው። አምስተኛው ምዕራፍ የተጻፈው እኮ ይህን ለማስቀረት ነበር።

እስቲ ማቆየቱ እንዴት እንደ ተጀመረ እንይ። ዲሴምበር 2013 ጁባ ውስጥ በኪርና በማቻር ወገኖች መካከል ጦርነት ሲነሳ፣ ጉዴሌ በሚገኝ የፖሊስ ሕንፃ ውስጥ የታጎሩ የኑዌር ወንዶች በመስኮት ጥይት ተርከፈከፈባቸው። የሂውማን ራይትስ ዎች ግምት ከ200 እስከ 400 ሰው ነው። ዛሬ ሐበሻው ሆቴል ከፍቶ ጥብስ የሚያቀርብበት ሰፈር ነው ጉዴሌ። የአፍሪካ ኅብረት በቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት በኦባሳንጆ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን በማርች 2014 አቋቋመ፤ ኮሚሽኑም ሥራውን ጨርሶ ሪፖርቱን አስረከበ። በጃንዋሪ 2015 አዲስ አበባ ላይ የኅብረቱ የሰላምና ደኅንነት ምክር ቤት ተሰብስቦ ሪፖርቱ ይቆይ አለ። ምክንያቱ ድርድሩ እንዳይበላሽ ነበር። እስከ ኦክቶበር ድረስ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በኦገስት ስምምነት ተፈረመ፤ ኪርም በቅሬታ ፈረሙ። ዓመት ሳይሞላው በጁላይ 2016 ጁባ ዳግመኛ ነደደች። ሪፖርት መደበቅ ለድርድሩ ያተረፈው ይኸው ነው።

ያንን የጁላይ ሳምንት የሚያስታውስ ሐበሻ ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው፤ ሱቁ የተሰበረበት፣ መጋዘኑ የተራቆተበት። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ራሱ ዋና መጋዘኑ ተዘርፎ ከ4,500 ቶን በላይ እህል ሄዶበታል። የተባበሩት መንግሥታት ያልቻለውን አንድ የሐበሻ ባለሱቅ ማን ላይ አቤት ይበል? አገራችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚል አባባል አላት። ይህን አባባል ይዘው ያደጉ ሰዎች ድንበር ሲሻገሩ የት ጥለውት እንደሚመጡ አላውቅም።

የማቆየቱ ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ መናቅ የለበትም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ገመድ እንደሚጠብቀው እያወቀ ለምን ይፈርማል? ይላሉ። መልሱን የሰጡት ፈራሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ፍርድ ቤቱ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ እያለ በ2015 ፈረሙ፤ በ2018 ዳግመኛ ፈረሙ። ፍርድ ቤቱ ፊርማውን አላስቀረም። «የፈረሙት እንደማይመጣ ስላወቁ ነው» የሚል ይኖራል፤ እኔም ይህንኑ እጠረጥራለሁ። እንግዲያው ሰላም የምትሉት ሁለት ሰዎች እንደማይፈጽሙት እያወቁ የፈረሙት ወረቀት ነው ማለት ነው፤ በሌላው ምዕራፍ ላይ ስለ ጦር ውሕደት የፈረሙትን ይፈጽማሉ ብላችሁ ለምን ጠበቃችሁ? የውሉን አንድ አንቀጽ እንዲበሉት ፈቀዳችሁላቸው፣ የቀሩትንም በሉት። ምርጫው ስንት ጊዜ ተላለፈ? የሽግግር ዘመኑስ?

ሌላም አለ። በ2019 የጁባ መንግሥት ጌንፉል ሶሉሽንስ ከተባለ የአሜሪካ አግባቢ ድርጅት ጋር 3.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ገባ። በውሉ ከተጻፉት ሥራዎች አንዱ ቅይጥ ፍርድ ቤቱን ማዘግየትና በመጨረሻም ማስቀረት ነበር። ነገሩ ሲታወቅ ጫጫታ ተነስቶ ውሉ ተቀየረ። መምህርና ወታደር ደመወዝ ለወራት የማያገኝበት አገር ነው ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው። «ፍርዱ ይቆይ» የሚለው ሐሳብ ከሕዝብ የፈለቀ ጥበብ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ማን ይገዛው ነበር? በጃንዋሪ 2021 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፍርድ ቤቱ ይቋቋም ብሎ ወሰነ፤ ጭብጨባ ሆነ፤ ነገሩም እዚያው ቀረ። በኖቬምበር 2024 የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽንና የካሳ ባለሥልጣን ሕጎች ተፈረሙ። አምስተኛው ምዕራፍ ካዘዛቸው ሦስት ተቋማት ሁለቱ ማለት ነው። የቀረው ዳኛ ያለበት ነው።

ፍርድ ቤት ለድርድር ሲገዛ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የተከሳሽ ሳጥኑን ታሪክ ማየት ይበቃል። በማርች 2014 ፓጋን አሙም፣ ኦያይ ዴንግ አጃክ፣ ማጃክ ዳጉትና ኢዝኪኤል ሎል ጋትኩዎት መንግሥት ለመገልበጥ አሲረዋል ተብለው ጁባ ላይ ችሎት ቀረቡ። ምስክር መሰማት ተጀምሮ ነበር። በኤፕሪል መንግሥት «ለሰላም ስንል» ብሎ ክሱን አነሳ፤ ወጡ። አሲረዋል ወይስ አላሲሩም? ማንም ዳኛ አልነገረንም። ከአራቱ አንዱ ኢዝኪኤል ሎል በ2016 የነዳጅ ሚኒስትር ሆኑ። ዛሬ ደግሞ የነዳጅ ሚኒስትር የነበሩት ፑት ካንግ ከዚያው መሥሪያ ቤት ተነስተው ወደ ሳጥኑ ገቡ። አንዱ ከሳጥን ወደ ሚኒስቴር፣ ሌላው ከሚኒስቴር ወደ ሳጥን፤ መንገዱን የጠረገችው ፖለቲካ ናት፣ ማስረጃ በመካከል ሚና የለውም። የማቻር ቃል አቀባይ የነበረው ጄምስ ጋትዴት ዳክ በፌብሩዋሪ 2018 በስቅላት እንዲሞት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት የሰላም በዓል ሲከበር ይፈታ ተባለ፤ በዚያው ፌብሩዋሪ ሞት የተፈረደበት ደቡብ አፍሪካዊው ዊልያም ኤንድሊም ተፈታ። በሰው ነፍስ የተሰጠ ፍርድ የበዓል ስጦታ ሆነ። መፈታታቸው ደስ ይላል፤ ግን በፌብሩዋሪ የፈረደውን ዳኛ በኖቬምበር ምን ትሉታላችሁ?

ዳኞቹን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን በ2017 ዳኞች የደመወዛቸውን ማነስና የሥራ ሁኔታቸውን አንስተው ሥራ አቆሙ። ፕሬዚዳንቱ በጁላይ በአንድ አዋጅ አሥራ አራት ዳኞች አባረሩ። ከተባረሩት አንዱ ማሌክ ማቲያንግ ማሌክ ጁባ ላይ ተስፋ ቢያጣ አሩሻ ድረስ ሄዶ በምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በ2020 ተፈረደለት። ዳኛ ሆኖ ፍትሕ ፍለጋ ጎረቤት አገር የሄደ ሰው! እኔ ስለዚህች አገር ተስፋ ሲያልቅብኝ የማስበው እሱን ነው። ደቡብ ሱዳናውያን ስለ ፍርድ ቤት ግድ የላቸውም ለሚሉኝም የምመልሰው እሱን ጠርቼ ነው።

አንድ ክስ ግን ተካሂዶ ፍርድ አግኝቷል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁለቱም ወገን የማይወደው ነገር አለበትና። ጁላይ 11 ቀን 2016 ወታደሮች ጁባ ውስጥ ቴሬይን የተባለውን ሆቴል ሰብረው ገቡ። ጋዜጠኛውን ጆን ጋትሉአክን ኑዌር በመሆኑ በሰው ፊት ተኩሰው ገደሉት፤ የውጭ አገር ረድኤት ሠራተኛ ሴቶችን ደፈሩ፤ የተገኘውን ዘረፉ። የሰላም አስከባሪው ጣቢያ ቅርብ ነበር፣ የእርዳታ ጥሪ ደርሶታል፣ አልመጣም። በሜይ 2017 ወታደራዊ ፍርድ ቤት ተቀመጠ፤ በሴፕቴምበር 2018 አሥር ወታደሮች ጥፋተኛ ተባሉ። የሟች ቤተሰብ 51 ከብት፣ የተደፈሩት ሴቶች እያንዳንዳቸው 4,000 ዶላር፣ የሆቴሉ ባለቤት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ እንዲያገኙ ተወሰነ። ቁጥሮቹን ደርድሮ ያየ ሰው ይናደዳል፤ እኔም ተናድጃለሁ። አዛዦች አልተነኩም። ቢሆንም ወታደር ተከስሶ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ፍርድ ተነቧል። አገሪቱ በዚህ ምክንያት አልፈረሰችም። ጦሩ አላመፀም። ፍርዱ የተሰጠው የ2018ቱ የሰላም ስምምነት በተፈረመበት በዚያው ወር ነው፤ ስምምነቱ አልተሰናከለም። ሰላምና ፍርድ ጁባ ውስጥ በአንድ ወር ተገናኝተው አልተናከሱም።

ታዲያ ለምን እዚያ ብቻ? ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ የውጭ አገር ፓስፖርት ስለነበራቸው ነው፤ ኤምባሲዎች ጮኹ። በዚያው ጁላይ የተባበሩት መንግሥታት ጁባ ውስጥ 217 የፆታ ጥቃት ተጎጂዎችን መዝግቧል፤ ብዙዎቹ ከተፈናቃዮች ካምፕ ምግብ ፍለጋ የወጡ ሴቶች ናቸው። ለነሱ እንዲህ ያለ ችሎት አልተሰየመም። «ፍርዱ ይቆይ» ሲባል የማን ፍርድ እንደሚቆይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

«ባህላቸው ዕርቅ ነው፣ ከብት ነው፣ ፍርድ ቤት የነጭ ነገር ነው» የሚሉም አሉ፤ በኛም ሰፈር ብዙ ናቸው። ጁባ ውስጥ በአለቆች የሚመራ የባህል ችሎት ያየ ሰው ግን ይህን አይልም። አለቃው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከሳሽ ቆሞ በደሉን ይዘረዝራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ የተሰበሰበው ያጉረመርማል፣ ይስቃል፣ ይመሰክራል። ከብቱ የሚቆጠረው ማን እንዳጠፋ በአደባባይ ከተለየ በኋላ ነው። ሳይለይ የተከፈለ ካሳ አላየሁም። በ1999 መጀመሪያ አብያተ ክርስቲያናት በጠሩት የውንሊት ጉባኤ ዲንካና ኑዌር ሲታረቁ ነጭ በሬ ታርዷል፤ ሁሉም የሚያስታውሰው በሬውን ነው። ከበሬው ቀጥሎ ለቀናት አለቆች እየተነሱ የተገደለውን፣ የተጠለፈውን፣ የተነዳውን ከብት ስም እየጠሩ ፊት ለፊት እንደተካሰሱ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኛስ ብንሆን ሽማግሌ ሲቀመጥ በዳይና ተበዳይ ሳይለይ «ይቅር ተባባሉ» ብሎ የሚነሳ ሽማግሌ እናከብራለን?

ወደ አገራችን ከዞርን ደግሞ ይህ ወሬ የጎረቤት ወሬ ብቻ አይደለም። ደርግ ሲወድቅ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1992 ተቋቋመ፤ በ1994 መጨረሻ ችሎቱ ተከፈተ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ የተባሉት በዲሴምበር 2006 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ሰዎች ሳይከሰሱ ለዓመታት ታስረዋል፤ አሸናፊው የራሱን አልከሰሰም፤ ዋናው ሰው ሐራሬ ተቀምጠዋል። ጉድለቱን ሁሉ እያወቅሁ፣ የቀይ ሽብር ሟች ልጅ ዛሬ የአባቱን ስም በፍርድ መዝገብ ላይ ማግኘት ይችላል እላለሁ። የጉዴሌ ሟች ልጅ ምን መዝገብ ይገልጣል? በኖቬምበር 2022 ከተፈረመው የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት በኋላ፣ በኤፕሪል 2024 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቆልናል። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ የምሰማው ቋንቋ ጁባ ላይ ለዓመታት የሰማሁት ነው፤ መጀመሪያ ይረጋጋ፣ መጀመሪያ ይታመን፣ መጀመሪያ ይህ ጦርነት ይለቅ። ኪርና ማቻርም እንዲሁ ነበር የጀመሩት።

ገንዘብና አቅም የለም የሚሉት ወደ ዳካር ይመልከቱ። የቻድ መሪ የነበረው ሂሴን ሀብሬ በ1990 ከአገሩ ሸሽቶ ሴኔጋል ገባ። የአፍሪካ ኅብረትና ሴኔጋል በ2012 ተስማምተው በሴኔጋል ፍርድ ቤቶች ውስጥ ልዩ ችሎት አቋቋሙ፤ በሜይ 2016 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የቀድሞ የአገር መሪ፣ በአፍሪካ ዳኞች፣ በአፍሪካ ምድር። ጊዜ የፈጀው ክሱ አይደለም፤ ሃያ ዓመት የፈጀው «ይቆይ» የሚለው ነው። የቻድ መበለቶች በር ማንኳኳት ቢተዉ ኖሮ እስካሁን ይቆይ ነበር።

የአምስተኛውን ምዕራፍ ፍርድ ቤት የማቋቋም ሥራ የተሰጠው ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ነው። የኮሚሽኑ ሕንፃ ያለው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ያውም ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት መሬት ላይ። ኮሚሽኑ እስካሁን የሚለው ጁባ ፊርማዋን ታኑር ነው። ተከሳሽ ሊሆን የሚችል ሰው የሚከሰስበትን ፍርድ ቤት በፊርማው እስኪከፍት መጠበቅ የየትኛው አገር ሕግ እንደሆነ ኮሚሽኑ ያስረዳን። ዛሬ ልዩ ችሎት ፊት የቆሙት ሰዎችም፣ ያቆሟቸውም፣ የናሲር ሟቾችም፣ የኦልድ ፋንጋክም፣ የጉዴሌም፣ ሁሉም በአንድ መዝገብ የሚገቡበት ጽሑፍ ከ2015 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል። ዳኛ መርጦ፣ በጀት ይዞ፣ ጁባ ካልተመቸ በሌላ አፍሪካዊ ከተማ መክፈት ይቻላል። ምርጫው ያልፍና እንጀምር የሚሉ ካሉ፣ የትኛው ምርጫ እንደሆነ ቀኑን ይንገሩን።